የሐሙሱ ጸሎት ይቀየር

አዲስ አበባ፣ ሰኞ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሐሴት አባት፣ ለእኔው ተካ፤

ቴፒ እንዴት ናት? የተሰጣውን ቡና ዝናብ አልመታውም? ስልክ ያልደወልኩት ተቀይሜህ አይደለም። አንተ ድምፁን ለቀህ ሰፈሩን ሁሉ ታሰማለህ፤ እኔ ደግሞ ገና «ሃሎ» ስል እንባዬ ይቀድመኛል። ደብዳቤውን በሾፌሩ በሸምሱ መኪና ልኬዋለሁ፣ ረቡዕ ይደርስሃል።

የሐሴት የጭንቅላት ኦፕራሲዮን ለሐሙስ ጠዋት ሆኗል። ፀጉርሽን ይላጩሻል ስላት «አባዬም መላጣ ነው» ብላ ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ማደንዘዣ የምትሰጣት ዶክተር ሳራ ልጅ እግር ናት። እጇን ይዤ «እህቴ፣ በእመቤታችን፣ መድኃኒቱን አብዝተሽ ስጪልኝ፤ ምንም እንዳይሰማት» አልኳት። አስቀምጣ አስረዳችኝ። አንጎሏ ላይ ሽቦ ያሳርፋሉ አሉ፤ የሚጥል በሽታዋ የሚነሳበት ቦታ ኮምፒውተሩ ላይ መስመሩን ሲያዘልለው ይታያል፤ ያንን ቆርጠው ያወጡታል። ማደንዘዣው ከበዛ ግን በሽታውም አብሯት ይተኛል፣ መስመሩም ዝም ይላል። ካነሰ ደግሞ ልጄ ልትነቃ ነው። «ሕመም እንዳይሰማት አደርጋለሁ፤ አንጎሏን ግን ጭልጥ አድርጌ ላስተኛው አልችልም» አለችኝ።

«ካልታየስ?» አልኳት። ካልታየ ሳይነኩ ይዘጉታል፤ ከምትናገርበት ቦታ ጋር ስለተጠጋ በግምት አይቆርጡም። ቢታይም እንኳ ንግግሯን ላለመንካቱ ዋስትና የለም።

ወይኔ ተካ! እማማ ጥሩነሽ የማኅበሩን ሰው ሰብስበው ጠዋት ጠዋት «ዳግመኛ አይምጣባት» እያሉ ይጸልዩ የለ? እኔስ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ አይደል ስለምን የኖርኩት? ለሐሙስ ብቻ ይቀይሩልኝ። «ይምጣ፣ ራሱን ያሳይ» ይበሉ። አብዳለች ካሉህ አዎ አብዳለች በላቸው። በሽታው በልጇ ላይ እንዲነሳ የምትለምን እናት ምን ጤና አላት? እኔ ብቻዬን ስለው አፌ ይያዛል። እናንተ በሉልኝ፣ ጨንቆኛል!

ፖስታው ውስጥ ሚሞሪ ካርድ አለ። ድምጿን ቀድቼልሃለሁ፤ «አባዬ፣ ቡናው ላይ እንዳትተኛ» እያለች ትቀልድብሃለች። አሁን አትክፈተው። ስትነቃ ደውዬ አገናኝሃለሁ። «አባዬ» ካለችህ ካርዱን ለሸምሱ መልስለት፣ የእሱ ነው።

ዝም ካለችህ ግን አትመልስ። ደህና አድርገህ አስቀምጠው።

መድኃኔዓለም አንተን ያበርታልኝ፣ እሷን ለሁለታችንም ያትርፍልን።

የልጅህ እናት፣
እታገኝ