ከገበሩ በታች

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የባለቤቴን ሄልሜት የጣልኩት እኔ ነኝ።

ጻፍኩት። ስምንት ዓመት ሙሉ ሆድ ይፍጀው ያልኩት ነገር፣ ወረቀት ላይ ሲወርድ አንድ መስመር እንኳ አልሞላም።

ከሁለተኛ ፎቅ ነበር። ላቡ እንዲደርቅ የበረንዳው አጥር ላይ አስቀምጬው፣ ክንዴ ነካው... ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ድምፁን ሰማሁ። ከላይ ጭረት ብቻ ነው ያለው። ጭረቱን በጫማ ቀለም አጠፋሁት። ውስጡ ግን ገበሩ ተቀዷል፣ ነጩ ፎምም አንድ ስንዝር ተሰንጥቋል። ምን አለበት፣ ፎም ነው አልኩ። ከአሮጌ ቀሚሴ ቆርጬ አዲስ ገበር ሰፋሁና ስንጥቁ ላይ በማጣበቂያ ለጠፍኩት። ሰማያዊ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቀሚስ። ደስ አለው። "ሚስቴ ራሴ ላይ ወጣች ስላችሁ አላመናችሁኝም" እያለ ገበሩን ለሰው ሁሉ ሲያሳይ ሰነበተ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሞተሩ ጥሎት ሞተ። ጭንቅላቱን ነው አሉ።

ዛሬ አምስት ገበር ጨረስኩ። ወገቤን አመመኝ። ሌላ ምንም የለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ልጄ ሥራ አገኘች። ከጤና ጣቢያዎች የደም ናሙና እየሰበሰበች ላብራቶሪ ታደርሳለች። በሞተር። ሞተሩን ቢሮው ይሰጣል፣ ሄልሜቱ ግን ከራስ ነው። ምን ዓይነት ቢሮ ነው?

"ሌላ ሥራ ጠፋ?" አልኳት።

"እማዬ፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ዓመት ሆነኝ። ደብቄሽ ነው።"

"ከእኔ?"

"ካንቺ ነዋ! ሞተር የሚል ቃል በሰማሽ ቁጥር ቤት መጥረግ ትጀምሪያለሽ።"

እውነቷን ነው። መጥረጊያው እጄ ላይ ነበር።

ስትወጣ ያችን ወረቀት ከመሳቢያ አወጣኋት። ከባለቤቴ ሄልሜት ጋር የመጣች መመሪያ ናት። እሱ ሲሞት ማንበብ አልችልም ነበር። ልጄ ትምህርት ቤት ስትሆን በአሮጌ ደብተሮቿ ፊደል ቆጠርኩ። ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም አላየኝም። በሁለተኛው ዓመት ይህችን ወረቀት ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ... "ሄልሜት በኃይል ከወደቀ፣ የሚታይ ጉዳት ባይኖርም ይቀየር። ፎሙ የሚያገለግለው ለአንድ ምት ብቻ ነው።" ምነው ማንበብ ባልተማርኩ ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሌላም ይላል። ምንም ባይነካው በአምስት ዓመቱ ይቀየር። ማሰሪያው ከሳሳ፣ ራስ ላይ ከተወዛወዘ፣ ፎሙ ሲነኩት ከተፈረፈረ ዓመቱንም አትጠብቁ። የተሠራበት ቀን ከገበሩ ሥር አለ።

በቃሌ ይዣታለሁ። ጸሎት እንኳ እንደዚህ አልያዝኩም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ዋርሳዬ መጣ። የባሌ ታናሽ ወንድም። የሞተር መለዋወጫ ሱቅ አለው። ገበር የምሰፋው ለእሱ ነው፤ ባሌ በሞተ በወሩ "እጅሽ ሥራ ይያዝ፣ እትዬ፣ ሐሳብ ይገድላል" ብሎ የመጀመሪያዎቹን ሄልሜቶች ያመጣልኝ እሱ ነው። ደንበኞች አድስልን ብለው የሚተዉት ናቸው ይለኛል። ፎሙ የተሰነጠቀ ካገኘሁ ስንጥቁ ላይ በቀይ እርሳስ መስቀል አድርጌ ሳልሰፋ እመልሳለሁ። ይጣል እለዋለሁ። "ይጣላል፣ አንቺ የሄልሜት ሐኪም!" ይላል።

ዛሬ በካርቶን ይዞ መጣ። ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ።

"አዲስ ነው አጎቴ?" አለች ልጄ።

"የወንድሜን ልጅ አሮጌ ላስለብሳት ኖሯል? ከነካርቶኑ እኮ ነው!"

አጠለቀችው። "ትንሽ ሰፋኝ።"

"ሄልሜቱ አይደለም፣ ጭንቅላትሽ ነው ያነሰው። የአባትሽን አልወረስሽም።"

ተሳሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ሲሄድ እስከ ደጅ ሸኘሁት። ወንድሙን ነጥቄው፣ እሱ ለልጄ ሄልሜት ይገዛል... እግሩ ላይ ወድቄ ልነግረው ጥቂት ነበር የቀረኝ።

"ምነው እትዬ?"

"ጉንፋን ነው" አልኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ቀኑን ልይ ብዬ ነው። ሌላ ምንም አላሰብኩም። ሰኞ ሥራ ትጀምራለች፣ መቼ እንደተሠራ ልወቅላት ብዬ የገበሩን ጠርዝ በምላጭ አነሳሁት። ጥቁር ጨርቅ፣ በማጣበቂያ ብቻ የተለጠፈ። የፋብሪካ ሥራ እንዲህ ነው?

ከሥሩ ሌላ ጨርቅ አለ።

ሰማያዊ። ነጭ ነጠብጣብ።

ተቀመጥኩ። ተነሳሁ። በሩን ቆለፍኩ። እንደገና አየሁት። ያኔ ክር አልቆብኝ ጥጉን በቡናማ ነበር የጨረስኩት። ቡናማው አለ። ጨርቁን እስከ ግማሹ ገለጥኩት። ያ ስንጥቅ ከስንዝር አልፎ እስከ ጆሮው ድረስ ወርዷል። በውጭ በኩል ስቱኮ ተሞልቶ፣ ቀይ ተቀብቶበት።

ያኔ ዋርሳዬ "ሄልሜቱን እንዳታዪው ብዬ አቃጠልኩት፣ እትዬ" ብሎኝ ነበር። ልቤ እንዳይሰበር አስቦ ነው ብዬ ስንት ቀን መረቅኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

"እማዬ ሄልሜቴስ? እስከ ሰኞ ልለማመድበት።"

ማሰሪያው ላልቷል፣ ልሰፋው ነው አልኳት። ዋሸኋት። አሁንም እየሸፈንኩ ነው... መቼ ነው የሚበቃኝ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ሄልሜቱን በፌስታል ይዤ ዋርሳዬ ሱቅ ሄድኩ። እሱ ብሎን ለሚገዛ ሰው እየመረጠ ነበር። ቀለሜ የሚሉት ቀቢው ጓሮ ውስጥ የአንዱን ሄልሜት ጭረት ይሞላል። መደርደሪያው ላይ ካርቶን በካርቶን፣ "አዲስ" ተብሎ ተጽፎባቸዋል። አንዱን አውርጄ ገበሩን ሳብኩት። ከሥሩ ቀይ መስቀል። የእኔ እርሳስ። ሁለተኛውም እንደዚያው።

ሰውዬው ብሎኑን ይዞ እስኪወጣ ጠበቅኩ። ለምን ጠበቅኩ? እንዳላዋርደው?

ከዚያ ሰማያዊውን ጨርቅ ገልጬ ፊቱ ላይ አስቀመጥኩት። አመድ መሰለ።

"ይሄማ... ይሄ ጓሮ ተሰቅሎ የነበረው... ቀለሜ! ይሄን ማን ንካው አለህ?"

"ጓሮ ያለውን ሁሉ ቀባ አላልክም?" አለ ቀለሜ ከውስጥ።

"በወንድሜ አጥንት እትዬ፣ አላወቅኩም! ለልጅቷ ከመደርደሪያው ነው ያነሳሁት።"

"የሰው ልጅ ሲሆንስ ታውቃለህ?" አልኩት። "ይጣል ያልኩህን ነው የምትሸጠው?"

ወንበር ሳበልኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"የዚያን ቀን ሆስፒታል ሲሰጡኝ ገበሩን ገለጥኩት" አለኝ። "ማጣበቂያሽ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ደርቋል። ስንጥቁ ከገበሩ ይቀድማል ማለት ነው፣ አይደል? አይተሽ ነው የሸፈንሽው። ዝም አልኩልሽ።"

"ታውቅ ነበር?"

"ከመጀመሪያው ቀን።"

የባሌን ሄልሜት ወደ ራሴ ሳብኩት።

"ቤተሰብ ነን። አንቺም ሸፍነሻል፣ እኔም ሸፍኜልሻለሁ። ልጅቷ ባትሰማ ነው የሚሻለው... አይደል፣ እትዬ?"

እትዬ አለኝ። አሁንም በዚያው ድምፅ። የባሌንና ሁለቱን መስቀል ያለባቸውን ሄልሜቶች ፌስታሌ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። አልከለከለኝም። የምናገር አልመሰለውም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ።

በወሩ ነው ሥራ ያመጣልኝ። ያኔ ያውቅ ነበር። የምትሰፋ ሴት መች ጠፋችው? የፈለገው አፏ የታሰረ ሰፊ ነው። እኔ ደግሞ በመጣ ቁጥር ዓይኑን ማየት እያፈርኩ፣ ወንበር እየጠረግኩ፣ ምርቃት እያወረድኩ... ከንፈሩን ነክሶ ስቆብኝ ይሆን? ወይስ እሱም ደግ የሆነ መስሎት ኖረ? የቱ እንደሚብስ አላውቅም።

ሐዘኔን እንኳ አላስተረፈልኝም። እሱንም ሥራ ላይ አዋለው።

ግን እኔስ? ያልተሰነጠቁትን የሰፋኋቸው እኔ ነኝ። የማን እንደነበሩ፣ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄያለሁ? ቀኑ የተለጠፈበት ቦታ ሁልጊዜ ተፍቆ ነበር የሚመጣልኝ። አየሁ። ላብ ነው አልኩ። ማየት ያልፈለገ ሰው ማንበብ ቢችል ምን ይረባል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ዋርሳዬ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀለሜን በከረጢት አምስት ሄልሜት አስይዞ ላከው።

"እንደተለመደው ብሏል፣ እማማ።"

"ቁጭ በል" አልኩት። መቀሱን አነሳሁ። የአምስቱንም የአገጭ ማሰሪያ ከሥሩ ቆረጥኩት። የጨርቅ መቀሴ ነው፣ አፉ ተበላሸ። ይበላሽ።

"ኧረ እማማ! ይገድለኛል!"

"አንተን አይገድልህም። እሱ የሚገድለው በካርቶን ነው። እንደተለመደው ብላለች በለው።"

ከረጢቱን ተሸክሞ ወጣ። ደረጃው ላይ ሲደርስ የሳቀ መሰለኝ።

ከዚያ ራቅ ካለ ሰፈር፣ ከማያውቀኝ ሱቅ ሄድኩ። ገበሩን ግለጥልኝ አልኩት ሻጩን።

"ለምን እማማ?"

"የተሠራበትን ቀን ላነብ።"

"ይህን የሚጠይቅ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ማን አስተማረዎት?"

"ባለቤቴ" አልኩት። ከዚያ በላይ ምን ልበል?

አነበብኩት። የዘንድሮ ነው። ከመውጣቴ በፊት ደግሜ አነበብኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ልጄ ጓደኛዋ ጋ ሄዳለች። ምሳ ሰዓት ትመለሳለች። ነገ ጠዋት ብሰጣት ይቀለኝ ነበር፤ ግን አንብባው በዚያው ሞተር ላይ እንዳትወጣ ፈራሁ። ዛሬ ታንብበው። ዛሬ ትጩህብኝ።

እሱ ቀድሞ ይነግራት ይሆናል። ከእሱ አፍ ስትሰማው ሌላ ነገር ይሆናል፤ እናትሽ ደበቀች፣ እኔ ራራሁላት። የለም። በዚህ ብቻ አይቀድመኝም።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሄልሜት አስቀምጫለሁ። አዲሱን ለኪው፣ አይሰፋሽም። ያኛው የአባትሽ ነው። ቀዩን ቀለም በአሸዋ ወረቀት ፍቄዋለሁ፣ ጥቁሩንም ገበር፣ ቀሚሴንም አውጥቻለሁ። ስንጥቁ ወለል ብሎ ይታያል። እጅሽን አስገብተሽ ንኪው። መስቀል ያለባቸው ሁለቱ ፌስታል ውስጥ ናቸው፤ ነገ ትራፊክ ፖሊስ ጋ ይዣቸው እሄዳለሁ። ማን አደረገው ሲሉኝ የእሱን ስም እናገራለሁ፣ ከእሱ ቀጥሎ የራሴን።

ለራሴ ነበር የምጽፈው። ከየት ጀምሬ አንቺ ማለት እንደጀመርኩ አላስተዋልኩም።

ደብተሩን የአባትሽ ሄልሜት ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ደረጃው ላይ የእግርሽ ድምፅ ይሰማኛል... መጥረጊያውን አልነካሁም። ተቀምጬ እየጠበቅኩሽ ነው።

ልጄ፣ ያንቺ ነው።