እኩል የሚመታ ልብ

ለውድ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? እማዬ መተኛት ጀመረች ወይስ አሁንም ቁጭ ብላ ነው የምታነጋው? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ሰው ሲያጽናናኝ እሺ እላለሁ። እንባዬ ግን የት እንደገባ እንጃ።

በስልክ «አባባ እንዴት ሆነ?» ብለሽኝ ነበር። አሁን ልንገርሽ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ሆስፒታሉ ውስጥ የልብ ምትና የአንጎል እንቅስቃሴ በሒሳብ የሚጠናበት ክፍል ነው። የጤነኛ ሰው ልብ እንደ ሰዓት እኩል አይመታም። ትንሽ ይፈጥናል፣ ትንሽ ይዘገያል፤ ቀጥሎ የሚመጣውንም በቀላል ስሌት መተንበይ አይቻልም። ልብ ሲደክም ይህ መለዋወጥ ሊጠፋ ይችላል። አንጎልም እንደዚያው ነው፤ የሚጥል በሽታ የሚነሳው ሕዋሶቹ ተራቸውን ትተው ባንዴ ሲያጨበጭቡ ነው። እኔ በሁለት ምት መካከል ያለውን ጊዜ ከሚቀጥለው ጋር አጋጥሜ በነጥብ እስላለሁ። የጤነኛ ሰው ነጥቦች እንደ ተበተነ እህል ይዘረጋሉ።

አባባ እኔ ዘንድ ከመጣ ወዲህ ቤት መዋል ሰልችቶት ነበር። ለጥናቱ ጤነኛ ሽማግሌዎች እንፈልጋለን ስል ሰምቶ «ሽማግሌነቱን እኔ አሟላለሁ፣ ጤናውን እናንተ ፈልጉ» አለኝ። የክፍላችን ነርስ የልብ ምት መቅረጫ ደረቱ ላይ ለጠፈችለት። ገመዱን ከሸሚዙ ሥር እየጎተተ ለጎረቤቱ ሁሉ ሲያሳይ ከረመ።

እኛ ጋ የልብ ምቱ ቅጂ የሚመጣው ያለ ስም ነው። አንድ ጠዋት የከፈትኩት ላይ ነጥቦቹ ሁሉ አንድ ቦታ ተከማችተው የምስር ፍሬ አክለዋል። እንዲህ ጥርት ያለ አይቼ አላውቅም። አለቃዬን ጠርቼ «ይሄን ይዩልኝ፣ እንዴት ያምራል» አልኳቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡና «ይሄን ሰው ግን ዛሬውኑ ሐኪም ይየው» አሉ። ነርሷ የማን እንደሆነ ልታጣራ ሄደች። ስትመለስ ዓይኔን ሸሸችው። ብዕር ይዤ ነበር፤ ክዳኑን ገጠምኩት። ሌላ ምን እንዳደረግኩ አላስታውስም።

የሆስፒታሉ የልብ ሐኪም አባባን በዚያው ቀን አየችው። «ስሌታችሁ ገና ጥናት ነው፤ በእሱ ብቻ አልፈርድም» አለችኝ። በራሷ መሣሪያ ስትመረምረው ግን የልቡ ጡንቻ ክፉኛ ደክሞ አገኘችው። እዚያው ሆስፒታል አስተኛችው፣ መድኃኒት ጀመረችለት።

«ምን አገኛችሁብኝ?» አለኝ አባባ።

«ልብህ በጣም እኩል ይመታል» አልኩት።

«እናትሽ ዕድሜዬን ሙሉ ሥርዓት ያዝ ስትለኝ ኖራ፣ አሁን ብይዝ ጥፋት ሆነ?» ብሎ ሳቀ። ነርሷም ሳቀች። እኔም የሳቅኩ ይመስለኛል።

በሳምንቱ ምሳውን በልቶ ጋደም እንዳለ አለፈ። እኔ ፎቅ ላይ የሌላ ሰው ነጥብ እየሳልኩ ነበር።

አሁን አለቃዬ የአባባን ቅጂ ለጥናቱ ለማቆየት የቤተሰቡን ፈቃድ ጠይቀውኛል። እምቢ ካልን ይጠፋል። ለሌላው ቶሎ ለመድረስ ይረዳ ይሆናል ይላሉ፤ ልክ ናቸው። እኔ ግን እሺም እምቢም ማለት አቅቶኛል፤ ሲጠይቁኝ ስለማላውቀው ሰው የሚያወሩ ይመስለኛል። ታላቅ አንቺ ነሽ፤ ከእማዬ ጋር ተማክራችሁ ቃላችሁን ላኩልኝ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ትልቁን ልጅ ፈተናው አያስፈራህ በይልኝ፤ የትንሿን ጉንጭ ሳሚልኝ። እማዬን እቅፍ አድርጊልኝ። አሞት ነበር ወይ ብላ ከጠየቀችሽ፣ ሲሄድ አላመመውም በያት። እውነቴን ነው፤ ሐኪሟን ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ።

ታናሽ እህትሽ
ከሆስፒታሉ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ የካቲት 9 ቀን