ለባዘዘው ያልደረሰው ጥሪ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለአድማሴ፣

ባሕርና አገር አቋርጦ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? የስዊድን ብርድ ደረትህን አልጎዳውም? ባለቤትህ ሥራነሽስ እንዴት ናት? ሕፃኗ መሄድ ጀመረች? እኛ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ከቤተ ክርስቲያን አልቀረችም።

በመጨረሻው ደብዳቤህ፣ ከጣናው አደጋ ወዲህ እርሳስ ይዘህ አይሮፕላን ነድፈህ እንደማታውቅ፣ ፈንታን የገደለው ያንተ ስሌት እንደሆነ ጽፈህልኛል። ወንድሜ፣ ስሌትህ አልገደለውም። ሦስት ዓመት የደበቅሁህን ዛሬ እነግርሃለሁ።

ጣና ላይ የሚያርፍ፣ ከደሴቶቹ ወላድና በሽተኛ የሚያመላልስ አይሮፕላን ልትሠራ ስትነሣ፣ ባለሙያ እንድሰበስብ ለእኔ አደራ ሰጠኸኝ። ጥቂት ሰው ይበቃኛል፣ ግን ሁሉም በሙያው አንደኛ ይሁን አልከኝ። ሞተሩን ለሉማሜው መካኒክ ለፈንታ፣ ጣውላውን ለእኔ ሰጠህ። ብረቱን ግን ከአማኑኤል ማዶ ያለው ባዘዘው ካልሠራው አይሆንም አልክ፤ እሱ የቀጠቀጠው ማረሻ ድንጋይ ቢመታ እንደማይሰበር ልጅ ሳለን አይተህ ነበርና። እኔም ሄጄ ጠርቼው እንቢ አለኝ አልኩህ። ውሸቴን ነው። ደጁንም አልረገጥሁ።

አማኑኤል ድረስ ሄጄ ነበር። ጠጅ ቤት የተቀመጡ ዘመዶቻችን ወዴት ነው ቢሉኝ፣ ቀጥቃጭ ልጠራ ነው ማለት አፈርኩ። ቡዳ ከሚባል ሰው ጋር ከአንድ ገበታ ሲበላ ከረመ ተብሎ የልጄ እጮኛ ወገኖች ቃላቸውን እንዳያፈርሱ ፈራሁ። ከዚያው ተመለስኩና በምትኩ የከተማ በያጅ አመጣሁልህ።

የሙከራው ዕለት የሆነውን አንተም ታውቀዋለህ። አንተና ፈንታ ተሳፍራችሁበት ከውኃው ሊነሣ ሲል ተንሳፋፊውን እግር ከሆዱ ጋር የያዘው ብረት ተሰበረ፤ ክንፉ ውኃው ላይ ተተከለ። አንተን ታንኳ ቀዛፊዎች አወጡህ፤ ፈንታን ያገኘነው በማግሥቱ ነው። ሰዉም ተበተነ፤ አንተም አገር ለቀህ ሄድህ።

ስባሪውን ብረት ሣጥኔ ውስጥ ደብቄ አኑሬው ነበር። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ይዤው ባዘዘው ዘንድ ሄድኩ። በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ፣ «ልኩ ትክክል ነው፤ ብረቱ ሲበየድ ተቃጥሏል» አለኝ። ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኩት። ስባሪውን እጄ ላይ መለሰልኝና፣ «ብትጠራኝ እመጣ ነበር» አለ። ባለቤቱ ጠላ ቀዳችልኝ፤ ጠጣሁ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የልጄም እጮኛ ሌላ አገባ። የፈራሁት ሁሉ ለከንቱ ነበር።

አድማሴ፣ እርሳስህን አንሣ። እኔን ይቅር ማለት ቢከብድህ አልፈርድብህም፤ ራስህን ግን ይቅር በል። የፈንታ እናት ገበያ ሲያገኙኝ፣ ልጄን ከውኃ አውጥተህ ለአፈር ያበቃህልኝ እያሉ ይመርቁኛል። የፊታችን ቅዳሜ ሉማሜ ሄጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ምርቃታቸውን ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች። ባለቤቴ ጥሩነሽ ለአንተም ለሥራነሽም እጅ ነሥታለች። ልጄ የዓለምዘርፍ አጎቴ መቼ ይመጣል ትላለች። ሕፃኗን ስለ እኔ ሳምልኝ።

ወንድምህ እንዳላማው

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.