ለፊልም የተቀመጥነው ለቅሶ

ወረታ፣ ጥር 15 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ጣራ ገዳም ለምትኖሪው ለእናቴ፤

ከጥምቀት ወዲህ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ከዳገቱ ጋር ታርቋል ወይ? ሳልሽስ? የላክሁልሽን ማርና ጥቁር አዝሙድ ለመነኮሳቱ አከፋፍለሽ እንዳልጨረስሽው ተስፋ አደርጋለሁ፤ ጠባይሽን ስለማውቀው ነው። እኔ ከቀኝ ትከሻዬ በቀር ደህና ነኝ። ትከሻዬንም ያመመኝ ከጣራ ላይ የሩዝ ገለባ ክምር ላይ ስዘል ነው። ክምሩ ላይ በሚገባ አርፌ ነበር፤ ለካስ ከሥሩ የተረሳ መንሽ ኖሯል። እጀታው ነው ያገኘኝ፣ አትደንግጪ።

ጎረቤታችን ሰርክአዲስ ገዳም ደርሳ ስትመለስ መልእክትሽን ቃል በቃል አድርሳልኛለች። ቃል በቃል የምልሽ፣ ቀልደኛ ያልሽኝን እንኳ ስላልዘለለችው ነው። ወንድምህን እዮብን በቁሙ አለቀስህበት አልሽ። በሰላም እንዲመለስ ተስለሽ አራት ዓመት ሙሉ እዚያ ተቀምጠሽ ሳለ እኔ እዚህ ለቅሶውን አውጥቼ ካሜራ ፊት ዘረጋሁት አልሽ። ነገሩ ፊልም ብቻ ከሆነ በኪዳነ ምሕረት ማልልኝ፣ እስክትምልልኝ ድረስ ዓይንህን አላይም አልሽ። ስልክ ስለማትይዢ ነው የምጽፍልሽ። ከሥራዬ ካልጀመርሁ ግን ነገሩ አይገባሽምና ትንሽ ታገሽኝ።

አንቺ ጨዋታ ነው ትይዋለሽ፤ ወረታ ግን እንደዚያ አይልም። የኛ ፊልም ሲኒማ ቤት አይገባም። ወረታ ሲኒማ ቤት የለውምና ባይገባ አይገርምም፤ የአዲስ አበባዎቹም ቢሆኑ አያስገቡንም። በሲዲና በፍላሽ ተገልብጦ በቀጥታ ሰው ቤት ነው የሚሄደው። ሰው እራቱን እየበላ፣ ልጁን እያባበለ፣ ሽንኩርት እየላጠ ያየዋል። አንድ ቀን ወደ ደብረ ታቦር ስሄድ አውቶቡሱ ውስጥ «ሦስት ጥይት በጉማራ» የሚለውን የመጀመሪያ ፊልሜን ከፍተውት አገኘሁ። ከፊቴ ሲያንኮራፋ የነበረ ሰውዬ፣ ሽፍታውን በጥፊ ስለው ብድግ ብሎ ድገመው አለ። ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ ድገመው የሚለኝ ከሆነ ሌላ ሽልማት አልፈልግም።

አሠራራችንንም ስሚ፤ አብዛኛውን የሚያውቀው የለም። ቡጢ የሚያርፍበትን ልብስ ከሩዝ ወፍጮ ቤት በምናመጣው ብናኝ እንነሰንሰዋለን። እጄ ገና ሰውነቱ ላይ ሳይደርስ አቧራው ቡን ይላል፣ ተመልካቹም ጎድኑ ተሰበረ ብሎ ይሳቀቃል። ጭንቅላት ላይ የሚሰበረውን ገንቦ የምትሠራልን ሸክላ ሠሪዋ እትዬ ሸዋነሽ ናት፤ ስስ አድርጋ፣ እሳቱንም ሳታጠግበው። ዕድሜ ልኳን የማይሰበር ዕቃ ስትሠራ ኖራ እንዲሰበር ተብሎ መሥራቱ መጀመሪያ ከብዷት ነበር። አሁን ፊልሙ በወጣ ቁጥር የእሷ ገንቦ በማን ራስ ላይ እንደተሰበረ እየቆጠረች ነው የምታየው። ጠመንጃው እንጨት ነው፤ ደሙ የቀይ ሥር ውኃ ነው። ፈረስ መከራየት ስለማንችል በባጃጅ እንሳደዳለን፤ ወገኔ የሚባለው ካሜራ ያዣችንም ከፊት ባለው ባጃጅ ወደ ኋላ ዞሮ ይቀመጣል። ካሜራው የሠርግ ካሜራው ነው። ሠርግ እንጂ ውጊያ ስላልለመደ በመጀመሪያው ፊልም ሁለት ሰው ሲታኮስ እሱ አበባ ሲያነሣ ተገኝቷል። አንድ ነገር ግን ከሠርግ ተምሯል፤ ሰው ሲያለቅስ ካሜራ አያጠፋም።

ይህን በሽታ ያስያዘኝ እዮብ መሆኑን ነግሬሽ አላውቅም። ሰንበት ትምህርት ቤት ነን እያልን መናኸሪያው አጠገብ ያለው ቪዲዮ ቤት ነበርን። ይቅርታሽን እጠይቃለሁ፤ ጥፋቱ ግን የታላቄ ነው። መቀመጫ ሲጠፋ በትከሻው ያዝለኝ ነበር። ቋንቋው ባይገባንም ማን ክፉ እንደሆነ ከፊቱ እናውቀው ነበር። ወጥተን ወደ ቤት ስንመለስ ማሳው ውስጥ እየተራገጥን ነው የምንመጣው፤ አንቺም የተቀደደ ሱሪ ስትሰፊ ትውያለሽ። የሄደ ቀን ካሜራ እልክልሃለሁ፣ አንተ ትቀርጻለህ፣ እኔ እደባደባለሁ ብሎኝ ነበር። በዚህ ምክንያት ሄደ እያልሁ ብዙ ጊዜ ራሴን ወቅሻለሁ።

«ርብ ማዶ ጠብቀኝ» ሦስተኛ ፊልማችን ነው። ታሪኩ የሁለት ወንድማማቾች ነው፤ ሽፍታ ታላቁን ይገድላል፣ ታናሹ ደሙን ይመልሳል። ታናሹ እኔ ነኝ። ደራሲውም አዘጋጁም እኔ ነኝ፤ ይህን የምልሽ ለመኩራት ሳይሆን ጥፋቱን ለሌላ እንዳትሰጪ ነው። ደም ለመመለስ አስቀድሞ ለቅሶ ያስፈልጋል፤ ሦስት ደቂቃ የሚሆን ለቅሶ። በታኅሣሥ ሩዙ ተወቅቶ ሲያልቅ ከርብ ወዲህ፣ መንገድ ዳር፣ አንድ ባዶ አውድማ መረጥን። ብርሃኑ ግሩም ነበር፤ ከኋላችን ሜዳው፣ ሜዳው ላይ ከብቱ። አልጋም አስመጣሁ፣ ሰዉንም በየቦታው አቆምሁ። ይህን ሁሉ ሳሰናዳ ዕለቱ የይፋግ ገበያ መሆኑን ዘንግቼዋለሁ። የፎገራ ልጅ ሆኜ በገበያ ቀን መንገድ ዳር ለቅሶ ማስቀመጤ የኔ ስሕተት ነው፤ እሱን አልክድም።

ሙሾ እንድታወርድልን የጠራኋት እትዬ ካሰችን ነው። እሷን የሚተካ እንደሌለ አንቺም ትመሰክሪያለሽ። ሦስት ደቂቃ ብቻ እንድታለቅስልን ስለምናት ሙሾ በደቂቃ አይወርድም አለችኝ። ቀጥላም የማን ልጅ ነው፣ ጠባዩ እንዴት ነበር፣ ልብሱስ የታለ አለች። የፊልሙን ሰውዬ ነገርኋት፤ ጀግና ነው፣ ረጅም ነው፣ ተኩሶ አይስትም አልኋት። እጇን አጣጥፋ ሰማችኝና፣ ይህ ሰውዬ ገና አልተወለደም፣ ላልተወለደ ደግሞ እንባ የለኝም ብላ ለመሄድ ተነሣች።

ያን ጊዜ አፌ ተከፈተ። ርብ ሞልቶ ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ ሲያይ፣ በሬ ላይ ተቀምጦ የተሻገረውን ነገርኋት። ክረምት ሜዳው ላይ ውኃ ሲተኛ ታናሽ ወንድሙን በትከሻው ተሸክሞ፣ ደብተሩን በጥርሱ ነክሶ፣ ትምህርት ቤት የሚያደርሰውን ነገርኋት። በመተማ ድንበር ወጥቶ የሄደበትንም የበረሃ አገር ነገርኋት። ከዚያ ለቀረጻው ያመጣሁትን የልብስ ሳጥኔን ከፈትሁና ሹራቡን አወጣሁላት። አረንጓዴውን፤ ክርኑን አንቺ በቀይ ክር የጠቀምሽለትን።

እትዬ ካሰች ሹራቡን አልጋው ላይ ዘረጋችው፤ እጅጌዎቹን ቀስ ብላ አስተካከለች። ከዚያ ድምፅዋን አወጣች፤

ርብ ሞላ ቢሉት፣ በሬ ጋልቦ አለፈ፤
ውኃ በሌለበት፣ በምን ተሸነፈ?

ግጥሙ የራሷ ነው። እኔ ከነገርኋት በላይ ግን ምንም አልጨመረችም።

የገበያው ሰው ሰማ። የለቅሶ ድምፅ እየሰሙ ማለፍ እንደሌለ ያስተማርሽን አንቺ ነሽ። ሰዉ ሸክሙን አወረደ፤ ዶሮ የያዘው ዶሮውን ከግንድ አሰረ፣ በጋሪ የመጣው ከጋሪው ወረደ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጠቁ። ማነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ከዚያ ይጠየቃል። ሰርክአዲስ ግን ሹራቡን አየችው፤ ቀዩንም ክር አየችው። እዮብን በስሙ ጠርታ ደረቷን መታች። ከዚያ በኋላ አውድማው ላይ ያዘዝሁትን የሚሠራ ሰው አልነበረም።

ለምን አላስቆምህም ብለሻል። በጽሑፉ መሠረት እኔ በዚያ ሰዓት ጠመንጃዬን ወደ ላይ አንሥቼ፣ ደምህን ሳልመልስ እንቅልፍ አይወስደኝም ማለት ነበረብኝ። ቃሉን የጻፍሁት ራሴ ነኝ፤ አርባ ጊዜ ተለማምጄዋለሁ። አልወጣ አለኝ። ሽፍታ ቢሆን ተከትዬ እይዘው ነበር፤ በሦስት ፊልም ሃያ ሽፍታ ይዣለሁ። ከበረሃ ግን ደም የሚመልስ የለም። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። እናቴ፣ ከልጅነቴ ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

የአባታችን ባልንጀራ አያ ጎበዜ ከገበያ ሲመለሱ እዚያው ደርሰው ነበር። ሐዘን የያዘው ሰው መሣሪያ አይይዝም ብለው መጥተው ጠመንጃውን ከእጄ ወሰዱት። ሲያነሡት ቀለላቸው። እንጨት መሆኑን ሲያውቁ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥለው ወገኔንና ካሜራውን፣ ከዚያም ቀይ ሥር የተነከረውን ሸሚዜን አዩ። ሁሉም ነገር ገባቸው። ተነሥተው ይሰድቡኛል፣ ሰዉንም ተታለላችሁ ብለው ይበትኑታል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን የእንጨቱን ጠመንጃ ጋቢያቸው ውስጥ ሸጎጡና አጠገቤ ተቀመጡ። ሰዉ እስኪበተን ድረስ ከዚያ አልተነሡም።

ወገኔ አሥራ አንድ ደቂቃ ቀርጾታል። እኔ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ይህን ስልሽ አላፍርም፣ ሥራዬን አውቃለሁና። የሲዲ ነጋዴዎቹ መቼ ይወጣል እያሉ በየቀኑ ይደውላሉ። እኔ ግን አልሰጠኋቸውም። አውጣው ካላልሽኝ አይወጣም። ቁረጠው ካልሽኝም ያለ ለቅሶው አወጣዋለሁ፤ ታናሹ ወንድም ሳያለቅስ ደም ይመልሳል፣ ሰውም ይስቅብኛል፣ ይሳቅ።

አሁን ወደ መሐላው ልምጣ። ጠመንጃው እንጨት ለመሆኑ በኪዳነ ምሕረት እምላለሁ። ደሙ ቀይ ሥር ለመሆኑ እምላለሁ። ሰዉን ለገበያ ብዬ አለመጥራቴንም እምላለሁ፤ በእግሩ ነው የመጣው። የእዮብን ስም በዚያ አውድማ ላይ ቀድሜ ያነሣሁት እኔ አለመሆኔንም እምላለሁ። የቀረውን አታስምይኝ።

ሹራቡን ከየት አመጣኸው ብለሽ አልላክሽብኝም። ሰርክአዲስ ስለ ሹራቡ ሳትነግርሽ ቀርታ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለብሶት እንደወጣ ከኔ ይልቅ አንቺ ታስታውሻለሽ፤ መንገድ ላይ እንዳይበርደው ብለሽ በዋዜማው የጠቀምሽለት አንቺ ነሽ። የሰጠኝ አብሮት የወጣው አዛናው ነው፤ አምና በግንቦት ሲመለስ። ከዚያ ወዲህ ወር በወር ስንቅሽን ይዤ ስመጣ፣ ወሬ አለ ወይ ትይኛለሽ፣ እኔም የለም እልሽና እወርዳለሁ። ስምንት ጊዜ። አገር ሁሉ ትወናዬን ይወድልኛል፤ እኔ ከተወንሁት ሁሉ የማፍረው በዚህ ነው። ከፎቅ ስዘል ያልፈራሁት ሰውዬ አንቺን ፈራሁ።

ሌላውን በወረቀት አልጽፍልሽም፤ እንዲህ ያለውን በወረቀት መላክ ወጋችን አይደለም። የፊታችን ቅዳሜ ገና በማለዳ እንመጣለን። ብቻዬን አይደለሁም። አያ ጎበዜ አሉ፣ ሰርክአዲስ አለች፣ ከይፋግም ሦስት ሽማግሌዎች አሉ። ቤትሽ ተከፍቶ ተጠርጓል፤ ግቢውንም ጎረቤቶችሽ አጽድተውታል። ተሸክመን እናወርድሻለን፤ ይህ ትከሻዬ እስከዚያ ይሻለዋል። ስለ ስእለትሽም አትጨነቂ፣ የድርሻሽን ፈጽመሻል።

ቅዳሜ እስክንደርስ ብቻሽን አትሁኚ፤ ከእማሆዮቹ አንዷ አብራሽ ትደር። እህልም ቅመሺ። ጸሎትሽ አይለየኝ።

እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ልጅሽ