ሙሽራ ያልገባችበት ክፍል

ውድ ኤቢሴ፣

እንደምን ሰነበትሽ ለማለት አልደፈርኩም። አባትሽን ኦቦ ነገሬን ከቀበርሽ ገና ሦስት ሳምንትሽ ነው። ለቅሶው ላይ ከጎንሽ ተቀምጬ ያልነገርኩሽን ግን መጻፍ አለብኝ።

ቤቴል ካለው ግቢዬ ከአባትሽ ጋር አንዷን ክፍል ተከራይታችሁ ዘጠኝ ዓመት ኖራችሁ። ባሌ ሲሞት ድንኳን ያስተከልሽው፣ ስኳሬ ሲጥለኝ ደግፈሽ ክሊኒክ ያደረስሽኝ አንቺ ነሽ። አንድም ቀን እንደ አከራይ አላየሽኝም።

ያ የኪራይ ሕግ ሊወጣ ነው ሲባል ሬዲዮውን አብረን ነበር የሰማነው። ተከራይ ሁለት ዓመት ከቤቱ አይነቀነቅም ተባለ። "እሰይ! ለእኛም የሚያስብ ተገኘ" ብለሽ ስትስቂ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ወንድሜ ወልደሰንበት መጣ። "ሞኝ አትሁኚ። ሕጉ ከጸደቀ በገዛ ቤትሽ አታዢበትም። አሁኑኑ አስወጫት" አለኝ።

ፈራሁ። አንቺን ይጠብቃል የተባለው ሕግ ገና ሳይደርስልሽ እኔን አስደንብሮ አንቺን አስወጣሽ።

"ልጄ ወንድዬ ሊያገባ ነው፤ ክፍሉን እፈልገዋለሁ" አልኩሽ። ዋሸሁሽ፣ ኤቢሴ። ወንድዬ እጮኛ እንኳ የለውም። አንቺ ግን እልል ብለሽ አቀፍሽኝ። የምትሄጂበትን ሳታውቂ ከአየር ጤና ቀለም ገዝተሽ ግድግዳውን ቀባሽ። "እትዬ፣ ሙሽራ እንዲህ የጠቆረ ቤት አትገባም" አልሽኝ። በሩ ላይ ቆሜ አይሽ ነበር። ምነው ያኔ በተናገርኩ!

እንደኔ የደነገጠው አከራይ ሁሉ ቤቱን ስለዘጋ፣ ያገኘሽው ከከተማው ዳር፣ መኪና የማይገባበት ሰፈር ነው። እዚህ ሳላችሁ ኦቦ ነገሬ አስማቸው ሲነሳ ክሊኒኩ አምስት ደቂቃ ነበር። እዚያ ግን በክረምት ጭቃ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሟቸው አስፋልቱ ጋ ሳይደርሱ አለፉ።

ለቅሶ ስመጣ ተነስተሽ ወንበርሽን ለቀቅሽልኝ። ዓይንሽ አብጦ፣ "እትዬ፣ ሙሽሮቹ ደህና ናቸው?" አልሽኝ።

"ደህና ናቸው" አልኩሽ። በአባትሽ ለቅሶ ላይ እንኳ ዋሸሁ።

ክፍሉ ዛሬም ባዶ ነው። ተመለሺ ለማለት ፊት የለኝም። ይህን ወረቀት በእህትሽ በሌሊሴ እጅ ልኬልሻለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ ራሴ እመጣለሁ። አንብበሽ "ከቤቴ ውጪልኝ" ብትዪኝ፣ አሁን ተራው ያንቺ ነው።

እመጣለሁ ግን።

የበደለችሽ
ተናኘ