የላይና የታች ሰፈር የስድብ መዝገብ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ስድብ መዝግብ ተባልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። የመሬት ክርክር፣ የውርስ፣ የጡረታ ፋይል ሳገላብጥ ኖሬያለሁ። ለስድብ ግን ፋይል ከፍቼ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው እሑድ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ደጋፊዎች በስድብ ጀምረው በድንጋይ ጨረሱ። አንድ ጎረምሳ ሁለት ጥርሱ ረገፈ። የከተማችን የመካነ ሰላም ሽማግሌዎች ተሰብስበው ቅዳሜ እርቅ ካልወረደ እሑድ ኳስ የለም አሉ። የላይ ሰፈሩ ሽማግሌ አቶ መኮንን ደግሞ አንድ ሐሳብ ጨመሩበት። እያንዳንዱ ስድብ ከየት እንደመጣ ተጣርቶ በወረቀት ይነበብ፤ ያመጣው ሰው ተነስቶ አፉ በሉኝ ብሎ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አያነሳውም። "ሥሩ ያልተነቀለ አረም ተመልሶ ይበቅላል" አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የታች ሰፈር ቅሬ፣ የእድራችን፣ ጸሐፊ ነኝ፣ የእጅ ጽሑፌ ይነበባል፤ ሚስቴ ዘሃራ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ሥራ ቢበዛልኝ የሚሻለኝ ይመስላቸዋል። እሺ አልኩ። ስምንት ወር ሙሉ ለሁሉም ነገር እሺ ነው የምለው።

እስካሁን የተመዘገቡ፦

ታች ሰፈር ላይ ሰፈርን የሚለው፦ ሽንኩርት። ወንፊት (በረኛቸው በአንድ ጨዋታ ሰባት ስለገባበት፤ ይሄ እንኳ ስድብ ሳይሆን ሪፖርት ነው)።

ላይ ሰፈር ታች ሰፈርን የሚለው፦ ድንኳን ሌባ።

የመጨረሻውን ስጽፍ ፊደል እሳሳታለሁ ብዬ ነበር። አልተሳሳትኩም። የዚህን ስድብ እውነተኛ ምንጭ የምናውቀው እኔና ከድር ብቻ ነን። ከድር የዘሃራ ታላቅ ወንድም ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

የሽንኩርት ምንጭ ተጣራ። የላይ ሰፈር ደጋፊዎችን የሚመራው ፀጉር አስተካካዩ በላይ ነው። መቀስ ካልያዘ ወሬ አይወጣለትም፤ ስለዚህ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና ያልረዘመ ፀጉሬን አስቆረጥኩ።

የላይ ሰፈር ተጫዋቾች ወደ አቀስታ ለግጥሚያ ሊሄዱ የተነጋገሩት ሚኒባስ ቀረባቸው። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ አገኙና ከላይ ወጡበት። መንገዱ ያው መንገዳችን ነው፤ መኪናው ሲነጥር እነሱም እየነጠሩ ጆንያውን ሲረግጡት ዋሉ። አቀስታ ሲደርሱ አሥራ አንዱም ዓይናቸው ቀልቶ እንባቸው ይወርድ ነበር። የአገሩ ሰው ኀዘን የደረሰባቸው መስሎት "አላህ ያጽናችሁ፣ ማን ሞተባችሁ?" እያለ ተቀበላቸው። አራት ለዜሮ ተሸንፈው ተመለሱ።

"ጋሽ ሰይድ፣ ኧረ አራት ለዜሮውን እንኳ አይጻፉት" አለኝ በላይ። ከጻፍኩት ቆይቻለሁ።

በላይ እስኪያነባ ሳቀ። እኔም አፌን ከፈትኩ፤ ሳቅ ግን አልመጣም። ከዘሃራ ወዲህ ውስጤ ጥርስ ሐኪም መርፌ የወጋው ድድ ሆኗል። ቢነክሱትም አያምም። ድሮ ይህን የድንኳን ነገር ሰው ባነሳ ቁጥር ሰበብ ፈልጌ ከመሃል እነሳ ነበር። አሁን ፍርሃቴን ብፈልገው አጣሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ከድር ሱቅ ሄድኩ። ልብስ ሰፊ ነው፤ የታች ሰፈር ደጋፊዎች አለቃም እሱ ነው። የዘሃራ አርባ ከወጣ ወዲህ ቤቴ መጥቶ አያውቅም። እኔም አልሄድኩም።

ማልያ ላይ ሰባት ቁጥር እየሰፋ ነበር። "ድንኳን ሌባ የሚለው ከየት እንደመጣ ጠይቅ ተብዬ ነው" አልኩት። ከአፌ እንዴት እንደወጣልኝ አላውቅም። የማሽኑን መርገጫ አላቆመም። "አንተ ታውቀው የለም እንዴ? እንደምታውቀው ጻፈው" አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ "ቅዳሜ ይቅርታ ጠይቅ ካሉኝ እጠይቃለሁ፤ አብሽር፣ አትጨነቅ" አለኝ። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

እንደማውቀው እዚህ ልጻፈው።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ በሚያዝያ ነው። ያኔ ላይና ታች ሰፈር አንድ ቅሬ ነበርን። ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግደው ቅሬው ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በእኔ እጅ ነበር። ደንቡ አጭር ነው፦ ድንኳኑ ለሞት ካልሆነ ለሠርግም አይወጣም።

የፍጻሜው ጨዋታ ዕለት ጠዋት ከድር መጣ። ፀሐዩ ከሯል፣ ከገጠር የመጡ ትልልቅ ሰዎች አሉ፣ ለጥላ ድንኳኑን ስጠን አለ። ቁልፉን ሰጠሁት። ከመግሪብ በፊት መልሱ ብቻ አልኩ። በአንድ ከሰዓት ማን ይሞታል ብዬ።

ከቀትር በኋላ የአቶ መኮንን እናት ሞቱ። ጥሩንባ ተነፋ። የቅሬው ዳኛ፣ ሰብሳቢያችን፣ ድንኳኑን ይዘህ ድረስ ብሎ ላከኝ። ሜዳ ሮጬ ማስመለስ እችል ነበር። ፈራሁ። ሰው ሁሉ እያየ ድንኳኑን ከኳስ ሜዳ ተሸክሜ መምጣቱን ሳስበው እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ዕቃ ቤቱ ጋ ደርሼ ድንጋይ አነሳሁና ጓጉንቸሩን ሰበርኩት። ተመልሼ "ተሰርቀናል" አልኩ። ወዲያው ዝናብ ወረደ። ላይ ሰፈር ለቀስተኛው ደጅ ላይ በስብሶ ሲያለቅስ፣ የእኛ ደጋፊ በኀዘን ድንኳን ተጠልሎ ፍጹም ቅጣት ምት ያይ ነበር። ዋንጫውንም በላን።

ሲመሻሽ ከድር መጥቶ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠ። የተሰበረውን ጓጉንቸር አይቷል። ዞሮ ሄደ።

ድንኳኑ ሜዳ ላይ ስለታየ በማግሥቱ ከድር ሌባ ተባለ። በወሩ ታች ሰፈር በሙሉ ሌባ ተባለ። ዓመት ሳይሞላ ቅሬው ለሁለት ተከፈለ። የከድርን ትልቋን ልጅ ሊያጩ የመጡ ሰዎችም ስለ አባቷ ጠይቀው በዚያው ቀሩ። ይህን ሁሉ አየሁ። የቅሬውን ቃለ ጉባኤም የያዝኩት እኔ ነኝ።

አርብ፣ ኅዳር 12

ዛሬ ኅዳር ሚካኤልም ጁምዓም ስለሆነ እርቁ ለነገ የተቀጠረው በምክንያት ነው። ጠዋት ግማሹ ከተማ ነጭ ለብሶ ወረደ፤ ቀትር ላይ ሌላው ግማሽ። ከጁምዓ መልስ ቁጭ ብዬ ሁለት ወረቀት ጻፍኩ።

አንደኛው፦ በዕለቱ ማንነታቸው ያልታወቁ ደጋፊዎች ጓጉንቸር ሰብረው ድንኳኑን እንደወሰዱ ይነገራል።

ሁለተኛው፦ ሐሙስ የጻፍኩት።

የእጅ ጽሑፋቸው አንድ ስለሆነ ሁለቱም እውነት ይመስላሉ።

ሁለተኛውን ባነብ ምን ይከተላል? ጸሐፊነቱ ይቀራል፤ ይቅር። አቶ መኮንን ዓይኔን አያዩም። ሊከፋ የሚችለው ከቅሬ መባረር ነው። ከቅሬ የወጣን ሰው ማን ይቀብረዋል? ዘሃራን የቀበረልኝ ቅሬ ነው። አንደኛውን ባነብስ? ከድር ይነሳና ላልሠራው አፉ በሉኝ ይላል፤ ጉዳዩ ይዘጋል፤ እሱ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በፊርማ የተረጋገጠ ሌባ ይሆናል። ሽማግሌ ፊት ካመነ በኋላ መመለሻ የለውም።

ሁለቱንም ኪሴ ከተትኳቸው። የቱ በየትኛው ኪስ እንዳለ አስታውሳለሁ፤ የትኛውን እንደማወጣ ግን አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

አነበብኩ።

ሦስት ሰዓት ላይ በእኛ ቅሬ ግቢ ተሰበሰብን። ዱዓ ተደረገ፣ ቄሱም አሳረጉ። በሽንኩርት ጀመርኩ። የአቀስታው ሰው "ማን ሞተባችሁ" ያለው ጋ ስደርስ ሽማግሌዎቹም ሳቁ። ስሙን ያወጣው የእኛ ሰፈር ልጅ፣ የአይሱዙው ረዳት፣ አሁን ደሴ ስለሚኖር ሌላ ሰው በእሱ ፈንታ ተነስቶ አፉ በሉን አለ። ወንፊት ሲነበብ በረኛው ራሱ ተነሳ። "ሰባት አይደለም፣ ስድስት ነው፤ ይስተካከል" አለ። አስተካከልኩ።

ቀጥሎ ድንኳን ሌባ። ወረቀቱን ሳላወጣ ከድር ተነስቶ ቆመ። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል። ሽበቱ እንዲህ መብዛቱን አላየሁም ነበር። "አቶ መኮንን፣ በእናትዎ ለቅሶ ላይ ለተደረገው..." ብሎ ጀመረ።

"ቁጭ በል ከድር" አልኩት።

ድምፄ ፋይል ቁጥር ስጠራ እንደሚወጣው ነው የወጣው። ሁለተኛውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጓጉንቸሩን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ተሰርቀናል ያልኩት እኔ ነኝ። ከድር አልሰረቀም፤ ታች ሰፈርም አልሰረቀም። አጣጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

አቶ መኮንን ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። "በዘሃራ ለቅሶ ሦስት ቀን አጠገብህ ተቀምጫለሁ" አሉኝ። "ያን ጊዜ እንኳ አልነገርከኝም።"

"አልነገርኩዎትም" አልኩ። "አፉ ይበሉኝ።"

የእኛው ሰፈር ሰዎች ናቸው ከቅሬ ይውጣ ያሉት። አሥራ አንድ ዓመት የተሰደብነው በእሱ ነው አሉ፤ እውነታቸውን ነው። የመለሷቸው አቶ መኮንን ናቸው። "እኔ እናቴን ያለ ድንኳን መሸኘት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በሰው ላይ አልደግመውም" አሉ። ጸሐፊነቱን አስረከብኩ። ስድቦቹ ሁሉ በመሐላ ቀሩ። ሰው እየተጨባበጠ ሲወጣ ከድር ፊቱን ሳያዞርልኝ ሄደ።

እፎይ የምል መስሎኝ ነበር። ራበኝ እንጂ ሌላ አልተሰማኝም። ዳቦ በላሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ሜዳ ሄድኩ። መቅረት ይሻል ነበር፤ ግን ከቀረሁ በዚያው እንደምቀር አውቃለሁ።

ላይ ሰፈሮች በመሐላቸው ጸኑ። አንድም "ድንኳን" የሚል ቃል አልተነፈሱም። እኔ በበሩ ስገባ ግን በላይ ከኪሱ የሱቁን ቁልፍ አውጥቶ ወደ ላይ አንስቶ አንቀጨለጨለው። አጠገቡ ያለው የቤቱን አወጣ። ከዚያ ያ ሁሉ ደጋፊ ቁልፍ አወጣ። የሱቅ፣ የሳጥን፣ የሞተር። "ቁልፉ መጣ፣ ቁልፉ መጣ" እያሉ ይዘፍኑ ጀመር። ያስማሏቸው ድንኳን ሌባ እንዳይሉ ነው፤ ስለ ቁልፍ ማንም አልማለም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ የሚከለክል ጠፋ። የእኛ ልጆችም አንገታቸውን ደፉ።

ፊቴ ነደደ። ጆሮዬ ድረስ ነደደኝ። እጄን ጉንጬ ላይ አድርጌ ሙቀቱን አረጋገጥኩ። ከስምንት ወር በኋላ የተሰማኝ የመጀመሪያ ነገር ሐፍረት ሆነ። እሱም ቢሆን ምንም ካለመሰማት ይሻላል ብዬ እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ። አንድ ለአንድ ወጡ። የስድብ መዝገብ ላይ ልጨምር ብል ምንጩን ለማጣራት የትም መሄድ አያስፈልገኝም ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

በምሳ ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ከድር ነው። ገብቶ ዘሃራ ትቀመጥበት የነበረው መደብ ላይ ተቀመጠ። ውሃ ሰጠሁት። ጠጣ።

"አፉ በለኝ" አልኩት።

"ቆይ፣ እሱን ቀስ ብለን" አለ። "መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርህ። ዘሃራ ታውቅ ነበር።"

ቁልፉን በመለሰልኝ በሦስተኛው ቀን ነግሯት ኖሯል። አደባባይ ወጥቼ ልናገር ነው ሲላት ለመነችው። "አንተ ከተናገርክበት ቤቴ ይፈርሳል። ራሱ ይናገር፤ ሰይድ እንዲህ ሆኖ አይቀርም፤ ጠብቀው" አለችው። ለእሷ ብሎ ጠበቀ። ልጁ ሳትታጭ ስትቀር መጥቶ ጠየቃት፤ አልቅሳ አሁንም ጠብቀው አለችው። ታማ ተኝታ ሳለ ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቃት።

"ምን አለችህ?" አልኩት።

"ይናገራል አለች። ወላሂ፣ ሌላ ምንም አላለችም።"

ዘሃራ በየማታው እራት ስታቀርብልኝ "ዛሬስ የምትነግረኝ ነገር የለም?" ትለኝ ነበር። የመሥሪያ ቤት ወሬ የምትጠይቀኝ ይመስለኝ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ በየማታው "የለም" አልኳት።

ይህን ለከድር መንገር ጀመርኩና መጨረስ አቃተኝ። አለቀስኩ። የተቀበረች ዕለት ያላወጣሁት ድምፅ ወጣኝ። ከድር አላባበለኝም። ግን ደግሞ የሥራ ሰዓት ደርሶ ሱቁ ተዘግቶ እያለ ተነስቶ አልሄደም።