የአባትህ ጀልባ አልተሸጠችም

ይድረስ ለልጄ ለመስዑድ። አሰላሙ አለይኩም፤ ባለህበት አላህ ይጠብቅህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

የአባትህ ጀልባ ዘንድሮም ብዙ አስወጣችኝ። ሸራዋን አይጥ በልቶት አስጠገንሁት፤ የበሰበሱትን ሳንቃዎች አናጢው ሙሔ ቀየራቸው፤ ቀለሙን ግን ራሴ ቀባሁት። ሙሔ፣ «እትዬ ዘይነት፣ ይህች ጀልባ ከወላድ ላም ይልቅ ትበላለች፣ ወተት እንኳ የላት! ለጎርጎራ ሰዎች ይሽጧትና ይረፉ» አለኝ። «መስዑድ ሲመጣ በምን ሐይቅ ሊወጣ ነው?» አልሁት። እኔም ትሸጥ እያልሁ የምነዘንዝህን ነገር ከሄድህ ወዲህ ትቻለሁ።

ከጅቡቲ ደውለህ፣ «ነገ ባሕሩን እንሻገራለን» ካልኸኝ በኋላ ስልክህ አይሠራም፤ ሲም ካርድ ቀይረህ ይሆናል።

ባለፈው ጁምዓ ጎረቤቶች ከሼሁ ጋር መጡ። ከመካከላቸው ሱምያ መሬት መሬት እያየች፣ «ዓመት ሞላው እኮ፤ ለነፍሱ ቁርኣን እናስቀራለት» አለች። «ዱዓው ለጀልባዋ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ነገ ውኃ ልትገባ ነው» ብዬ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰድኋቸው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሼሁ ግን እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁላችንም አሜን አልን።

ይህን ወረቀት ጅቡቲ ለሚመላለሰው ሹፌር እሰጠዋለሁ፤ ወደቡ ላይ የሚያውቅህ አይጠፋም። አንተም ጻፍልኝ። የሚያነብላት የለም ብለህ እንዳትተወው፤ ከሄድህ ወዲህ ፊደል ቆጥሬ ራሴ ማንበብ ችያለሁ።

ዓይን ለዓይን እስክንተያይ በአላህ እጅ ሁን።

እናትህ ዘይነት፣ ከባሕር ዳር